ሳላይ የፈረምኩበት ቃጠሎ

ይህን የምጽፈው ራሴን ለማስመስገን አይደለም። ስታነቡት እንደምታዩት፣ የሚያስመሰግን ሥራ የሠራሁበት ቦታ ጥቂት ነው። ከመንዝ ወደ ግሼ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ የወረዳ ከተማ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ሬጅስትራር ነኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራው ያገሬ ሰው «ገመናችንን አወጣሽ» ብሎ ይቀየመኛል፤ ነገም ከነገ ወዲያም የምኖረው ከእነሱው ጋር ነው።

ሬጅስትራር ማለት መዝገብ ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለዳኛ የሚያቀርብ፣ ነገሩ ሲያልቅም መዝገብ ቤት አስገብቶ የሚቆልፍ ሰው ነው። ያኔ በሥራዬ የምኮራ፣ ትንሽም ጉራ የማያጣኝ ሰው ነበርኩ። ባለጉዳይ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ሲመጣ ቀና ብዬ ሳላይ «ነገ ተመለስ» እል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ አብዛኛው የከተማው ሰው በአንድ ጠዋት ነቅሎ ወጣ፤ የቀሩት አሮጊት ሽማግሌውና የዳገቱ ገበሬዎች ናቸው። እኔም የመዝገብ ቤቱን በር ቆልፌ፣ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሁለት ልጆቼን ይዤ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸሁ። ስንመለስ ፍርድ ቤቱ ነዶ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ብዙ ሳይቆይ የጉዳት ሪፖርት ቅጽ መጣ። «የፍርድ ቤቱ መዛግብት በሙሉ በቃጠሎ ወድመዋል፤ ይህንንም በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» ይላል። ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ግን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አልገባሁም ነበር። በተነቀለው መስኮት ብቅ ብዬ አመዱን አየሁ፣ አፍንጫዬን ያዝኩ፣ ተመለስኩ።

ዘበኛችን ጋሽ ተክሌ አብረውን አልሸሹም ነበር። ስንመለስ ሞተው ጠበቁን። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ አንድ ክኒን በጠፋበት ሰሞን ብርድ መቷቸው፣ ደረታቸውን ታመው ነው የሞቱት። ለቅሶ ደረስኩ፣ ባለቤታቸውን እትዬ ስመኝን «እግዜር ያጽናዎት» አልኩ፣ በዚያው ወደ ኑሮዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ በኪራይ ቤት አዲስ ክስ ብቻ እየተቀበልን ኖርን። ድሮ ተሟግቶ፣ ተፈርዶለት፣ ፍርዱ ሳይፈጸምለት ጦርነቱ የደረሰበት ሰው ሲመጣ «መዝገብህ ተቃጥሏል፣ እንደገና ክሰስ» እለዋለሁ። ስንቱን እንዲህ ብዬ እንደመለስኩ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ሚስተር ጎራን የመጡት በዚህ መሃል ነው። በጦርነቱ የተጎዱ ፍርድ ቤቶችን መልሶ ለማቋቋም የውጭ ድጋፍ ተገኝቶ፣ ስለ መዝገብ አያያዝ የሚያውቁ ባለሙያ ይላኩላችኋል ተብለን ስንጠብቅ ነበር። ስድሳ ዓመት የሆናቸው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በእሳቸውም አገር በጎልማሳነታቸው ጦርነት ነበር አሉ። አማርኛ ተምረዋል፤ የተማሩት ግን አንቱታውን ብቻ ነው። ውሻ ሲያባርሩ እንኳ «ይሂዱ እባክዎ» ይላሉ። እኛም ከኋላቸው እንስቃለን።

ኮምፒውተር ይተክሉልናል ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ከጎረቤት ወንፊት ተውሰው የተቃጠለው መዝገብ ቤት ውስጥ ገቡ። አራት ቀን ሙሉ አመድ ሲነፉ ዋሉ። በአንድ እጃቸው ወንፊት፣ በሌላው ማግኔት። የከተማው ሰው «ስንት ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አመድ አፋሽ ሆነ» እያለ ተዘባበተ። እኔ ደግሞ ካፌ ተቀምጬ አካሄዳቸውን እያስመሰልኩ ጓደኞቼን አሳቅ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ የጠቆረ ቀጫጭን ቆርቆሮ ተከምሯል።

«ወይዘሮ ታደለች፣ ይህን ያውቁታል?»

አወቅኩት። በእያንዳንዱ መዝገብ ውስጥ ወረቀቱን ቀዳዳው ላይ ሰክቶ የሚይዘው ቆርቆሮ ነው።

«ወረቀት ይቃጠላል፤ ካርቶን ይቃጠላል። ይህ ግን አይቃጠልም» አሉኝ። «ስንት መዝገብ ነበራችሁ?»

«ከሁለት ሺህ በላይ» አልኩ።

«እዚህ ያለው ሁለት መቶ አይሞላም።»

ከዚያ የጉዳት ሪፖርቱን አውጥተው ፊርማዬ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እርስዎ ገብተው አይተዋል?»

አይቻለሁ አልኩ። መጀመሪያ በብዕር የዋሸሁትን አሁን በአፌ ደገምኩት። አልተከራከሩኝም። አርብ የዞን ኃላፊዎች መጥተው መዛግብቱ መውደማቸውን በቃለ ጉባኤ እንደሚያጸድቁ፣ ከዚያ በኋላ የድሮው ውሳኔ ሁሉ እንዳልነበረ እንደሚቆጠር ነገሩኝ። እሳቸው ግን ያልተቃጠለን ነገር ተቃጠለ ብለው መጻፍ እንደማይችሉ፣ የጎደለውን እንዳለ እንደሚጽፉ በትሕትና ገለጹልኝ።

ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም። በሩን የቆለፍኩት እኔ፣ ቁልፉ የነበረው እኔ ጋ፣ ተቃጥሏል ብዬ የፈረምኩት እኔ። አልተቃጠለም ከተባለ «ለማን ሸጥሽው?» የሚባለው ማን ነው? ያን ዕለት ሰውዬውን ጠላኋቸው። እስር ቤት የምገባ፣ ልጆቼም የሌባ ልጆች የሚባሉ መሰለኝ። እራት ሳልበላ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ተነስቼ እትዬ ስመኝ ቤት ሄድኩ። ከሁላችን በኋላ ፍርድ ቤቱ አጠገብ የነበረው ሰው ባለቤታቸው ብቻ ስለሆነ ነው። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለባና፣ ለአገራችን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ጠጉር እየፈተሉ ነበር። ጋሽ ተክሌ መዝገቡ የት እንደገባ የነገሯቸው ነገር ይኖር እንደሆነ ዙሪያውን እየዞርኩ ጠየቅኩ። አንድ ነገር አልነገረኝም አሉ። ልነሳ ስል ግን እንዲሁ እንደ ጨዋታ አንድ ነገር አነሱ።

«ሲታመም መቼም ጠያቂው ብዙ ነበር። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ሁሉም ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው ‹አይዞህ ተክሌ፣ አደራህ በደህና አለ› ይሉታል። የምን አደራ ነው ብዬ ብጠይቀው ‹ካላወቅሽ አትጠየቂም› አለኝ። እህል መስሎኝ ተውኩት።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጠያቂዎቹ እነማን እንደነበሩ ጠየቅኩ። መጀመሪያ የጠሩልኝ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ የሚኖሩትን ገበሬ አቶ ጌጤን ነው። በዚያው ዳገቱን ወጣሁ።

አቶ ጌጤ የፈረሰ ካብ እየጠገኑ ነበር። መዝገብ አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ቀና ሳይሉ የለም አሉኝ። እኔም የለመደብኝን አመጣሁ፤ ሬጅስትራር መሆኔን፣ የመንግሥት ሰነድ ደብቆ መያዝ እንደሚያስቀጣ ነገርኳቸው። ይሄኔ ድንጋዩን አስቀምጠው አዩኝ።

«ቢኖርስ? የሰጠኝ ተክሌ ነው። ‹ከእኔ በቀር ለማንም› ብሎ አስምሎኛል። አንቺን አልጠራሽም። ደግሞ የመንግሥት ዕቃ የተገኘበት ይታሰራል ብላችሁ በድምፅ ማጉያ የለፈፋችሁት እናንተው አይደላችሁ? አለ ብል ታስሪኛለሽ፤ ብሰጥሽ የሙት አደራ በላሁ። ሂጂ ልጄ፣ ጉሙ ሳይወርድብሽ።»

ስወርድ ደስታና ፍርሃት ተቀላቅሎብኝ ነበር። መዝገቡ አለ። ጋሽ ተክሌ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀት የሰው ሀብት መሆኑን ግን ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር። በየቤቱ፣ በየሰዉ፣ በመሐላ በትነውታል። ማን ጋ ምን እንዳለ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ይዘውት ሞቱ።

ረቡዕ ጠዋት ለዳኛውና ለሚስተር ጎራን ነገርኳቸው። ዳኛው ወዲያው የብርበራ ትእዛዝ ጽፈው ፖሊስ ሊልኩ ተነሱ። ሚስተር ጎራን እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«በእኛም አገር እንዲህ ሆኖ ነበር። እኔ ራሴ ፖሊስ ይላክ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቤት ተበረበረ። በማግስቱ የቀረው ሁሉ ምድጃ ገባ።»

ዳኛው ቁጭ አሉ። ሚስተር ጎራን ወደ እኔ ዞረው አደራ የሰጠ ሰው ሲሞት በእኛ አገር ደንቡ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። «እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት» አሉኝ፤ ሊወቅሱኝ አልነበረም፣ ገርሟቸው ነው። እኔ ግን ከወቀሳ በላይ ተሰማኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው፤ ወረቀት ሳገላብጥ ሰዉን ረስቼው ኖሬያለሁ።

የጋሽ ተክሌ የነፍስ አባት መምሬ ኃይሌ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ለመሆኑ የተክሌ ተዝካር ወጥቷል?»

አልወጣም ነበር። አርባው ሲደርስ ካህኑም ምእመኑም በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ በኋላም እትዬ ስመኝ አቅም አልነበራቸውም፤ እኛም ባልደረቦቻቸው ትዝ አላለንም።

«በይ እንግዲህ» አሉ መምሬ። «እዚህ አገር አደራ የሰጠ ሰው ሲሞት፣ አደራው በተዝካሩ ዕለት በነፍስ አባቱ ፊት ለወራሹ ይመለሳል። ሕግ አይደለም፤ አባቶቻችን ሲያደርጉት ያየነው ነው። ሰዉ አልደበቀባችሁም። ተዝካሩን እየጠበቀ ነው።»

እስቲ አስቡት። እኛ ተቃጥሏል ብለን ጨርሰናል፤ ያን ያህል ሰው የአንድ ዘበኛ ተዝካር እስኪወጣ ዓመት ከመንፈቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንዱም ለሌላው አይናገርም፤ እያንዳንዱ የተማለው ለብቻው ነዋ።

የቀረን አንድ ቀን ነው። ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም፤ መምሬ ለማኅበራቸው የተጠመቀውን አዞሩልን። ጎረቤት እንጀራውን ተካፈለ። ሚስተር ጎራን ፕሮጀክቱ ለተዝካር የሚሆን የበጀት ርእስ እንደሌለው አዝነው ከነገሩን በኋላ ራሳቸው ገበያ ወጥተው ሁለት ሙክት እየጎተቱ መጡ። እትዬ ስመኝን ለማስፈቀድ ሄጄ አደራው ምን እንደነበረ ስነግራቸው እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «ይሁን፣ ይውጣለት» ብቻ አሉኝ። ሌላ ያሰቡት ነገር እንዳለ ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣሁ።

ሐሙስ ሰዉ መጣ። በላ፣ ጠጣ፣ ጸሎቱ ደረሰ። እኔና ሚስተር ጎራን በአንድ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግተን፣ መመዝገቢያ ደብተር፣ ቁጥር መምቻ፣ ካሜራ ደርድረን ቆመናል። መምሬ ተነሱና የተክሌ አደራ ያለበት ለባለቤቱ ይመልስ፣ ከመሐላው እግዚአብሔር ይፍታው አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ሚስተር ጎራን ሰዉን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ፣ ቀስ ብለው «ወይዘሮ ታደለች፣ ይህን እናውጣው» አሉኝ። ሁለታችን ተሸክመን አጥር ውጭ አወጣነው። ካሜራውንም ቦርሳ ውስጥ ከተው እሳቸው በር ላይ ቀሩ። ብመለስም ያው ነው፤ የተነሳ የለም። በመጨረሻ የተነሱት እትዬ ስመኝ ናቸው።

«እኔ ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። «ያን ለት ተክሌ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ‹ታደለች ቁልፉን ይዛ ትመጣለች፣ መዝገቡን ሳታወጣ አትሄድም› ይል ነበር። ዝናብ መታው። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ስትቀሪበት ነው ለካ መስኮቱን የነቀለው። ብርድ የገባበት ያን ለት ነው። እስቲ ልጄ፣ ቁልፉ የት ነበር?»

ያን ያህል ሰው ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ልጆቼን ላስቀድም፣ መኪናውን ላስቀድም፣ ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። አንዱም ከአፌ አልወጣም።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነበር» አልኩ። «ቆልፌ ሄድኩ። ስለሳቸው አላሰብኩም። ስመለስም ተቃጥሏል ብዬ የፈረምኩት ሳላይ ነው። አመዱን በመስኮት አይቼ ነው የተመለስኩት። እናንተንም መዝገባችሁ ነዷል እያልኩ የመለስኳችሁ ሳላውቅ ነው። ይቅር በሉኝ።»

አለቀስኩ። ማንም አላባበለኝም፤ ትክክል ነበሩ። እትዬ ስመኝ «ይኸን ነበር መስማት የፈለግሁት» አሉና ቁጭ ብለው ባናቸውን ፊታቸው ዘረጉ። «አምጡ።»

መጀመሪያ የተነሱት አቶ ጌጤ ናቸው። ወጥተው አጥር ሥር ያኖሩትን ጆንያ ተሸክመው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ አላቆመም። ከጎታ ውስጥ የወጣው የገብስ ትቢያ ለብሷል። ከጣሪያ ክዳን ሥር የወጣው ላይ የጓሳ ሣር ተጣብቋል። አንዷ አሮጊት በአገልግል አድርገው፣ ቄጤማ ጎዝጉዘው አመጡት። እትዬ ስመኝ እያንዳንዱን በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ «ከአደራ ነፃ ነህ» «ነፃ ነሽ» ይላሉ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲዘረጋ ክምሩ እሳቸውን ከለላቸው። ይሄኔ «በይ ተረከቢ» አሉኝ። ሚስተር ጎራን የርክክብ ወረቀቱን ይዘው ገቡ፣ እትዬ ስመኝ ፊት ተንበርክከው «እርስዎ አስረካቢ ነዎት፣ እዚህ ይፈርሙ» አሏቸው። ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ እኔ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ተረከብኩ።

ሁሉም አልተመለሰም። ሲሶው ያህል እስከ ዛሬ የለም፤ ጥቂቱ በእውነት ተቃጥሏል፣ የቀረውን የያዘው ሰው በስደት ቀርቷል። አርብ የዞን ሰዎች ሲመጡ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሰርዤ «በአካል አላየሁም» የሚል አዲስ ቃል ጽፌ ፈረምኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ የደረጃ እድገቴም ታገደ። የሚገባኝ ነበር። ሚስተር ጎራን ተጨማሪ ወር ቆይተው መደርደሪያውን አሠርተው፣ እኔን አዲሱን አመዘጋገብ አስተምረውኝ ሄዱ። የተከሉልን ኮምፒውተር መብራት ሲኖር ይሠራል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ችኮ ሴትዮ ሆኛለሁ። ሳላይ አልፈርምም፤ ባልደረቦቼ «አመድ ልንነፋልሽ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ «የለም»፣ «ጠፍቷል»፣ «ተቃጥሏል» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን እግራችሁን አንሱ እላችኋለሁ። ጋሽ ተክሌን አስቤ ያልተጸጸትኩበት ሳምንት የለም፤ እትዬ ስመኝም ይቅር ብያለሁ ቢሉኝ፣ እኔ ራሴን ገና ይቅር አላልኩም።

ያን ሰሞን የሆነ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መዝገቦቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስመዘግብ የአቶ ጌጤ ጆንያ ላይ ደረስኩ። ከውስጡ አንዱን ገልጬ የተከሳሹን ስም ሳነብ ደነገጥኩ። አቶ ጌጤ ራሳቸው ናቸው። የጎረቤታቸውን የአንዲት ባል የሞተባት ሴት መሬት ገፍተው ተከሰው፣ እንዲለቁ ተፈርዶባቸው፣ ፍርዱ ሳይፈጸም ጦርነቱ ደርሷል። ሴትዮዋን «እንደገና ክሰሺ» ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። በእሳቸው ላይ ያለው ብቸኛ ማስረጃ ዓመት ከመንፈቅ በገዛ ጎታቸው ውስጥ ነበር። አስጠራኋቸው።

«ጋሼ ጌጤ፣ ይህ እጅዎ ላይ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«ልጄ አንብቦልኛል፤ በገባ በሳምንቱ።»

«ታዲያ...» ብዬ የቀረውን መጨረስ አፈርኩ።

«ታዲያ ምን? መሬቱን አርሼዋለሁ። ካላስለቀቃችሁኝ ነገም ባርሰው አልጠላም። ወረቀቱ ግን የተክሌ ነው።»

ገብሱን አጭደው ሊለቁላት ተስማሙ። ቃላቸውን በወረቀት አሰፈርኩ። ቶሎ ለመሄድ ቸኩለው ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው የት ላሳርፍ አሉኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብብልዎ አልኳቸው።